ማስታወቂያው ደንበኛ አመጣ ወይስ ጎብኚ ብቻ? የድረ ገጽ እንቅስቃሴን በ"ታግ ማኔጀር" ስለ መከታተል

ጥሩ ደላላ ያለ ማስታወሻ ደብተር አይሠራም። ቤት ያሳየውን፣ ቀብድ ያስያዘውን፣ "ነገ እደውልልሃለሁ" ብሎ የቀረውን ሁሉ በስምና በቀን ይጽፋል። ነጋዴውም ቢሆን መጋዘኑ የገባና የወጣውን ዕቃ በቢን ካርድ ሳያስመዘግብ አያድርም። ይህ የቆየ ልማድ ግን ንግዱ ወደ ድረ ገጽ ሲገባ ብዙ ጊዜ ሲቋረጥ ይታያል። ድረ ገጽ ያሠራል፣ ማስታወቂያ ይከፈላል፣ ሰው ይመጣል ይባላል። ማን ከየት መጣ? ምን አይቶ ሄደ? ስልክ የደወለው የትኛውን ማስታወቂያ አይቶ ነው? ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ ደብተር ግን የለም።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው ቤት በማከራየትና በማሻሻጥ ሥራ ላይ የተሰማራ የአንድ ድርጅት ባለቤት ያጫወቱን ጉዳይ ነው። እኚህ ሰው በወር 90 ሺህ ብር ለማስታወቂያ ይመድባሉ። ግማሹ ለፌስቡክ፣ ግማሹ ደግሞ በጎግል ፍለጋ ላይ ለሚወጣ ማስታወቂያ ይውላል። ድረ ገጹን የሚከታተልላቸው ባለሙያ በወሩ መጨረሻ ያቀረበላቸው ሪፖርት ከፌስቡክ 320፣ ከጎግል 120፣ በድምሩ 440 የቤት ጥያቄዎች እንደ ቀረቡ ያሳያል። በዚህ ስሌት ከፌስቡክ የመጣ አንድ ጥያቄ 141 ብር ገደማ ሲያስወጣ፣ ከጎግል የመጣው 375 ብር ይፈጃል ማለት ነው።

"አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረሃል አይደል? የጎግሉን ዘግቼ ሙሉውን ብር ወደ ፌስቡክ ላዙር ብል ምን ትለኛለህ?" ሲሉ ጠየቁን።

"ከመልሱ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አልናቸው። "ለመሆኑ በዚያ ወር በኢሜይል የደረስዎ የቤት ጥያቄ ስንት ነበር?"

ጸሐፊያቸውን ጠርተው አስቆጠሩ። የተገኘው 77 ነው። ሪፖርቱ 440 ይላል፣ የመልዕክት ሳጥኑ ደግሞ 77። በመካከሉ ያለው ልዩነት 363 ነው። ባለቤቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ "ታዲያ እነዚህ ሰዎች የት ገቡ?" አሉ። ሰዎቹ የትም አልገቡም፤ ከመጀመሪያውም አልነበሩም። የተሳሳተው ቆጠራው ነው። ስህተቱ እንዴት እንደ ተፈጠረና እንዴት እንደ ታረመ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። አስቀድመን የቆጠራው መሣሪያ ምን እንደሆነ እንይ።

ታግ ምንድን ነው?

ታግ ማለት በድረ ገጽ ውስጥ የሚቀመጥ አጭር የኮምፒዩተር ትዕዛዝ ነው። ጎብኚው ገጹን ሲከፍት ወይም አንድ ነገር ሲጫን ታጉ ይነሳና "እንዲህ ያለ ነገር ተደርጓል" የሚል መረጃ ወደ ሌላ ቦታ ይልካል። መረጃውን የሚቀበለው የጎብኚዎችን ቁጥር የሚያጠናቅረው ጎግል አናሊቲክስ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ማስታወቂያ የሸጠልን ኩባንያ ሊሆን ይችላል። በመርካቶ ቋንቋ ብንገልጸው፣ ታግ በር ላይ ቆሞ የገባውን ሰው ወደ ቢሮ ደውሎ የሚያስመዘግብ ሠራተኛ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሠራተኞቹ ሲበዙ ነው። አንዱ ለአናሊቲክስ፣ አንዱ ለፌስቡክ፣ አንዱ ለጎግል ማስታወቂያ፣ ሌላው ለሌላ ነገር እየተባለ በየገጹ ላይ ኮድ ይለጠፋል። አንዱን ለመለወጥ ባለሙያ መጥራት፣ ተራ መጠበቅና መክፈል ያስፈልጋል። ማን ምን እንደ ለጠፈ የሚያውቅ ሰው ከድርጅቱ ከለቀቀ ደግሞ የተለጠፈው ኮድ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ እዚያው ይቀራል።

ታግ ማኔጀር የሚባለው መሣሪያ የተፈጠረው ይህን ለማስተካከል ነው። በድረ ገጹ ላይ የሚገባው ኮድ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ታጎችን መጨመር፣ ማረምና ማንሳት የሚቻለው ከአንድ ማዘዣ ቦታ ነው። ጎግል የራሱን ታግ ማኔጀር ያወጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ሲሆን መደበኛው አገልግሎት በነጻ ይሰጣል። ከዚያ በፊት ገበያው እ.ኤ.አ. በ2008 እንደ ተመሠረተው ቲሊየም ባሉ፣ ለትልልቅ ኩባንያዎች በክፍያ በሚሠሩ ድርጅቶች የተያዘ ነበር። መረጃውን በራሱ ሰርቨር ላይ ማቆየት ለሚፈልግ ደግሞ ማቶሞ የተባለው ፕሮግራም የራሱ ታግ ማኔጀር አለው። እኛ እዚህ ላይ የምናየው በብዛት የሚሠራበትን የጎግሉን ነው፤ የሌሎቹም መሠረታዊ አሠራር ከዚህ ብዙ አይርቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ታግ ማኔጀር ራሱ ቁጥር አያጠናቅርም፣ ሪፖርትም አያወጣም። እርሱ የሚያደርገው የትኛው ታግ መቼ እንደሚነሳ ማዘዝ ነው። ቁጥሩ የሚገኘው በአናሊቲክስ ውስጥ ነው። ስለዚህ "ታግ ማኔጀር አስገብተናል" የሚል ባለሙያ ሥራውን ጨርሷል ማለት አይደለም፤ ገና ደብተሩን ገዛ ማለት ነው።

አራቱ ክፍሎች

አንደኛው ኮንቴይነር ነው። ነጋዴው ከጅቡቲ ወደብ የሚያውቀው ቃል እዚህም በተመሳሳይ ትርጉም ያገለግላል። ለአንድ ድረ ገጽ የሚያስፈልጉ ታጎች በሙሉ የሚጫኑበት ሳጥን ነው። "ጂቲኤም" በሚሉ ፊደላት የሚጀምር የራሱ መለያ ቁጥርም አለው።

ሁለተኛው ታጉ ራሱ ነው። ምን ይላክ? ለማን ይላክ? የሚለውን ይዟል።

ሦስተኛው ትሪገር ይባላል። ቃሉ የጠመንጃ ምላጭ ማለት ነው። ታጉ መቼ እንደሚተኮስ የሚወስነው ይህ ነው። "ማንኛውም ገጽ ሲከፈት"፣ "ይህ ቁልፍ ሲጫን"፣ "ገጹ እስከ ግማሹ ድረስ ሲነበብ"፣ "ቅጹ ሲላክ" የሚሉ ሁኔታዎችን በትሪገር መወሰን ይቻላል። አብዛኛው የቆጠራ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ በመሆኑ ነጋዴው ከአራቱ ክፍሎች ይህን አንዱን እንኳ በሚገባ ቢያውቅ ይጠቀማል።

አራተኛው ቫሪያብል ይባላል። ተለዋዋጭ ዝርዝሮችን ይይዛል፦ የተከፈተው ገጽ አድራሻ፣ የተጫነው ቁልፍ ጽሑፍ፣ የዕቃው ዋጋ የመሳሰሉትን። ከዚሁ ጋር ዳታ ሌየር የሚባል አለ። ይህ ድረ ገጹ ራሱ ስለ ሁኔታው የሚጽፈው ማስታወሻ ነው። ለምሳሌ የቤት ድርጅት ድረ ገጽ "አሁን የታየው ቤት አፓርታማ ነው፣ ቦሌ ነው፣ ለኪራይ ነው" ብሎ በዳታ ሌየር ላይ እንዲጽፍ ቢደረግ፣ በወሩ መጨረሻ በየትኛው ክፍለ ከተማ ስንት የኪራይ ጥያቄ እንደ ቀረበ ማወቅ ይቻላል። ይህ ለአሻሻጩ ከጎብኚ ብዛት የበለጠ ዋጋ ያለው መረጃ ነው። የሚቀጥለውን ቤት የት ፈልጎ እንደሚያመጣ ይነግረዋልና።

ተከላው ደረጃ በደረጃ

ከመጀመሪያው ደረጃ በፊት በወረቀት ላይ የሚሠራ ሥራ አለ። "በዚህ ድረ ገጽ ላይ ሰው ምን ሲያደርግ ነው እኔ ገንዘብ ወደማገኝበት መንገድ የሚጠጋው?" ብሎ መጠየቅና ከሦስት እስከ አምስት ድርጊቶችን መዘርዘር ነው። ለቤት አሻሻጩ እነዚህ ናቸው፦ የጥያቄ ቅጽ መላክ፣ የስልክ ቁጥሩን መጫን፣ የቴሌግራም አድራሻውን መጫን፣ የቤቱን ዝርዝር መክፈት። ለቡና ላኪ የናሙና ጥያቄና የዋጋ ዝርዝር ማውረድ ይሆናል። ይህ ዝርዝር ሳይኖር የሚተከል ታግ ሁሉንም ይቆጥራል፣ ምንም አይነግርም።

ቀጥሎ አካውንት ይከፈታል፣ ኮንቴይነርም ይፈጠራል። መሣሪያው ሁለት ቁራጭ ኮዶች ይሰጣል። አንደኛው በእያንዳንዱ ገጽ ኮድ ራስጌ ውስጥ፣ በተቻለ መጠን ከላይ ይገባል። ሁለተኛው የገጹ ዋና አካል እንደ ጀመረ ወዲያው ይቀመጣል። ይህን ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ በአጭር ጊዜ ሊጨርሰው የሚገባ ሥራ ነው።

ከዚያ የመጀመሪያው ታግ ይገባል። ይህ ጎግል ታግ የሚባለው ሲሆን "ጂ" በሚል ፊደልና በሰረዝ የሚጀምረውን የአናሊቲክስ መለያ ይዞ በሁሉም ገጾች ላይ እንዲነሳ ይታዘዛል። "ዩኤ" በሚሉ ፊደላት የሚጀምር የድሮ መለያ ያለበት ድረ ገጽ ካለ ግን መቆጠሩን ማቆሙን ባለቤቱ ይወቅ። የቀድሞው አናሊቲክስ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ለመደበኛ ተጠቃሚዎች አዲስ መረጃ መቀበሉን አቁሟል።

በመቀጠል በወረቀቱ ላይ ለተዘረዘረው ለእያንዳንዱ ድርጊት አንድ ታግና አንድ ትሪገር ይዘጋጃል። የስልክ ቁጥሩን ለመቁጠር ትሪገሩ "የተጫነው አድራሻ 'ቴል' በሚል የሚጀምር ከሆነ" ይባላል። ለጥያቄ ቅጹ ግን ትሪገሩ ቁልፉ ሲጫን ሳይሆን ቅጹ በትክክል መድረሱ ሲረጋገጥ መነሳት አለበት። ቀላሉ መንገድ ቅጹ ከደረሰ በኋላ ብቻ የሚከፈት "ጥያቄዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን" የሚል ገጽ አዘጋጅቶ የዚያን ገጽ መከፈት መቁጠር ነው። ጎብኚው ይህን ገጽ ደጋግሞ ቢከፍተው ግን እንደገና ይቆጠራል። የተሻለው መንገድ ድረ ገጹ ቅጹን ሲቀበል በዳታ ሌየር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲጽፍ ማድረግ ነው።

ሁሉም ከተዘጋጀ በኋላ ለሕዝብ ከመለቀቁ በፊት ይሞከራል። ፕሪቪው የሚባለው ክፍል ድረ ገጹን ከፍቶ እያንዳንዱ ሲጫን የትኛው ታግ እንደ ተነሳ፣ የትኛው እንዳልተነሳ በጎን ያሳያል። ባለቤቱ ከባለሙያው አጠገብ ተቀምጦ በዓይኑ ሊያየው የሚገባ ደረጃ ይህ ነው። ቅጹን ራሱ ይሙላ፤ ከዚያም ሆን ብሎ ስልክ ቁጥሩን ሳይጽፍ "ላክ" ይበል። ያልተላከው ቅጽ ከተቆጠረ ትሪገሩ ስህተት ነው።

በመጨረሻ ፐብሊሽ በሚለው ይለቀቃል። በተለቀቀ ቁጥር አንድ ቅጂ በቁጥር ይቀመጣል። ስህተት ቢገኝ ወደ ቀድሞው ቅጂ መመለስ ይቻላል። ለቅጂው "የስልክ ቆጠራ ተጨመረ" የሚል ዓይነት ስምና ማብራሪያ መስጠት ከስድስት ወር በኋላ ብዙ ራስ ምታት ያድናል።

አንድ ነገር ይቀራል፤ የማስታወቂያው ምንጭ። በየማስታወቂያው ውስጥ በሚገባው የድረ ገጽ አድራሻ መጨረሻ ላይ ዩቲኤም የሚባል ምልክት ይታከላል። ምንጩ ምን እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ማስታወቂያ እንደሆነ፣ የየትኛው ዘመቻ እንደሆነ ይናገራል። ምልክት የሌለው ማስታወቂያ ተቀባዩ እንዳልተጻፈበት ጆንያ ነው፤ ደርሷል፣ የማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። በቴሌግራም ቻናል ለሚሸጥ ሰው ይህ በተለይ ያስፈልገዋል። ታግ ማኔጀር በቴሌግራም ውስጥ የሚሆነውን አያይምና ከዚያ ወደ ድረ ገጹ የመጣውን የሚለየው በዚህ ምልክት ነው።

363ቱ ጥያቄዎች ከየት መጡ?

አሁን ወደ ቤት አሻሻጩ ጉዳይ እንመለስ። ኮንቴይነሩ ሲከፈትና ድረ ገጹ ሲመረመር ሦስት ስህተቶች ተገኙ።

አንደኛ፣ አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ይቆጠር ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የነበረው ባለሙያ የአናሊቲክሱን ኮድ በቀጥታ በገጹ ላይ ለጥፎት ነበር። አዲሱ ባለሙያ ደግሞ ያንኑ በታግ ማኔጀር አስገባ፤ የድሮውን ግን አላነሳም። ሁለት ዘበኛ አንድ በር ላይ ቆመው አንዱን እንግዳ ሁለት ብለው መዘገቡ።

ሁለተኛ፣ ትሪገሩ የተተከለው "ላክ" በሚለው ቁልፍ ላይ እንጂ በቅጹ መድረስ ላይ አልነበረም። ቅጹ ስልክ ቁጥርን በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ የሚቀበል ነበር፤ በዜሮ ዘጠኝ የማይጀምር ቁጥር ካየ ይመልሳል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ሆኖ ቤት የሚፈልግ ሰው የዚያን አገር ቁጥሩን ይጽፋል፣ "ላክ" ይላል፣ እምቢ ይለዋል፣ እንደገና ይሞክራል፣ በመጨረሻም ትቶት ይሄዳል። ሪፖርቱ ይህን ሰው ሦስትና አራት ደንበኛ አድርጎ ቆጥሮታል። ድርጅቱ ግን በውጭ ምንዛሪ ሊከፍል የሚችለውን ደንበኛ አጥቶታል።

ሦስተኛውና ውሳኔውን ያጣመመው ስህተት ይህ ነው። ትሪገሩ "ላክ" የሚለውን ቁልፍ የሚለየው በቁልፉ የቅርጽ ስም ነበር። "ተጨማሪ ፎቶ" የሚለውም ቁልፍ ያንኑ የቅርጽ ስም ይዟል። የፌስቡኩ ማስታወቂያ ሰውን የሚያመጣው በቀጥታ ፎቶ ወዳለበት የቤቱ ገጽ ሲሆን፣ የጎግሉ የሚያመጣው ወደ ቅጹ ገጽ ነበር። ስለሆነም ከፌስቡክ መጥቶ ፎቶ ያየ ሁሉ ቤት እንደ ጠየቀ ተቆጠረ። የፌስቡክ ቁጥር በጎግል ላይ ብልጫ ያሳየው ይህ እንጂ የደንበኛ ብዛት አይደለም።

የድሮው ኮድ ተነሳ፤ ትሪገሩ ወደ ቅጹ መድረስ ተዛወረ፤ ቅጹም የውጭ አገር ቁጥር እንዲቀበል ተደረገ። በሚቀጥለው ወር በዚያው 90 ሺህ ብር ሪፖርቱ ከፌስቡክ 32፣ ከጎግል 48፣ በድምሩ 80 ጥያቄ አሳየ። የመልዕክት ሳጥኑ ሲቆጠር 84 ሆነ። የአራቱ ልዩነት የሚያሳስብ አይደለም፤ ታግን የሚያግድ ፕሮግራም በስልካቸው የጫኑ ወይም መቆጠርን ያልፈቀዱ ጎብኚዎች ምንጊዜም ይኖራሉ።

በአዲሱ ስሌት ከፌስቡክ የመጣ አንድ ጥያቄ 1,406 ብር፣ ከጎግል የመጣው ደግሞ 938 ብር ገደማ አስወጥቷል። የቀድሞው ሪፖርት የፌስቡኩን ርካሽ፣ የጎግሉን ውድ አድርጎ ነበር ያሳየው። ባለቤቱ በዚያ ሪፖርት ተመርተው የጎግሉን ቢዘጉት ኖሮ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" እንደሚባለው በሆነ ነበር።

ይሁን እንጂ አሁንም የፌስቡኩን ለመዝጋት መቸኮል አያስፈልግም። 32 እና 48 ትንንሽ ቁጥሮች ናቸው። በአንድ ወር ውስጥ የአሥር ሰው መብዛትና ማነስ በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛም፣ ጥያቄ ገና ኮሚሽን አይደለም። ከፌስቡክ ከመጡት አንዱ ቤት ቢገዛ፣ ከጎግል ከመጡት ኪራይ ፈላጊዎች አምስቱን የሚያስንቅ ገቢ ሊያመጣ ይችላል። በመሆኑም ለባለቤቱ የሰጠነው ምክር ሁለት ነው፦ ቢያንስ ለሦስት ወር ሳይቀይሩ መቁጠር፣ እንዲሁም ጸሐፊዋ በእያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብ ምንጩንና መጨረሻውን በደብተር እንድትጽፍ ማድረግ። የመጨረሻው ሂሳብ ማስታወቂያው ሲካፈል ለጥያቄ ሳይሆን ለተፈረመ ውል መሆን አለበት።

ይህ ሂሳብ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል። የእነዚህ ማስታወቂያዎች ዋጋ መሠረቱ ዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያው ማስታወቂያ በብር ሲሰላ እጅግ ተወድዷል። በርካሹ ዘመን የማይታይ ብክነት አሁን ከትርፉ ላይ በቀጥታ ይቆርጣል።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ታግ ማኔጀርን የያዘ ሰው በድረ ገጹ ላይ የፈለገውን ኮድ ማስገባት ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩ እንደ መጋዘን ቁልፍ መታየት አለበት። አካውንቱ በባለሙያው የግል ኢሜይል ሳይሆን በድርጅቱ ኢሜይል ይከፈት። የዋና ኃላፊነት ፈቃድ በባለቤቱ ስም ይሁን። መሣሪያው ማየት፣ ማረም፣ ማጽደቅና መልቀቅ የሚሉ አራት የፈቃድ ደረጃዎች ስላሉት ለእያንዳንዱ ሰው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይሰጥ። ባለሙያው ሥራ ሲለቅ በዕለቱ ፈቃዱ ይነሳ። ይህን ሳያደርጉ የቀሩ ሰዎች ከባለሙያቸው ጋር ሲጣሉ የዓመታት መረጃቸውን አብረው አጥተዋል።

ሌላው የጎብኚው መብት ነው። አናሊቲክስ ጎብኚውን በስሙ አያውቀውም፤ ኩኪ በሚባል ትንሽ ፋይል ውስጥ የዘፈቀደ ቁጥር ሰጥቶ ያስታውሰዋል። በዚህም ምክንያት አንድ ሰው በስልኩና በቢሮው ኮምፒዩተር ሁለት ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። የሰውን ስም፣ ስልክ ወይም ኢሜይል በታግ አድርጎ ወደ አናሊቲክስ መላክ ግን በጎግል ደንብ የተከለከለ ነው። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ሊጠብቀው የሚገባ ግዴታ አስቀምጧል። በአውሮፓ ላሉ ደንበኞች የሚሸጥ ላኪ ወይም አሻሻጭ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ይመለከተዋል። ድረ ገጹ ፈቃድ ይጠይቅ፤ ታጎቹም ፈቃዱ እስኪሰጥ እንዲጠብቁ በታግ ማኔጀሩ ይታዘዙ። ለዚህ የተዘጋጀ የፈቃድ ማስተካከያ በውስጡ አለ።

የታግ ብዛትም ልክ ሊኖረው ይገባል። እያንዳንዱ ታግ ገጹን ያከብደዋል፤ ጎብኚው ደግሞ የሚከፍተው በገዛው የሞባይል ዳታ ነው። ያለቀ ዘመቻ ታግ ከኮንቴይነሩ ይውጣ። በተጨማሪም አናሊቲክስ ለዝርዝር ትንተና የሚያገለግለውን መረጃ ለሁለት ወር ብቻ እንዲያቆይ ተደርጎ ስለሚከፈት፣ ካለፈው ዓመት በዓል ሰሞን ጋር ማነጻጸር የሚፈልግ ነጋዴ ከመጀመሪያው ቀን ወደ 14 ወር ያስቀይረው።

ለሰኞ ጠዋት የሚሆን ሥራ

ነጋዴው የኮድ ባለሙያ እንዲሆን አይጠበቅበትም፤ የሂሳብ ሠራተኛውን እንደሚቆጣጠር ሁሉ ይህንንም መቆጣጠር ግን ይችላል። በየሳምንቱ ሰኞ ሩብ ሰዓት ይበቃል። በመጀመሪያ የሪፖርቱን የጥያቄ ቁጥር ከመልዕክት ሳጥኑ ጋር ያስተያዩ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ይለፉ፤ ሰፊ ከሆነ ባለሙያውን ይጥሩ። ቀጥሎ ምንጩ ያልታወቀ ጎብኚ በዝቶ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ከበዛ ምልክት ያልተደረገበት ማስታወቂያ አለ ማለት ነው። በመጨረሻም በራስዎ ስልክ ቅጹን ሞልተው ይላኩ፤ መድረሱንና አንድ ብቻ ሆኖ መቆጠሩን ያረጋግጡ።

የቤት አሻሻጩ ባለቤት አሁን ይህን በየሳምንቱ ያደርጋሉ። ባለፈው ስናገኛቸው ያነሱልን የማስታወቂያውን ወጪ ሳይሆን ቅጹ ከታረመ በኋላ ከውጭ አገር የመጡትን ጥያቄዎች ነበር። "ለካስ ደንበኛው ደጄ ድረስ መጥቶ ነበር፤ በሩን የዘጋሁበት እኔ ነኝ" አሉን። ቆጠራው ባይመረመር ኖሮ ይህን በር የሚያየው አልነበረም።